ኮረሪማው የት ገባ?

ቲክቶክ ላይ ጣታችሁን ሦስት አራት ጊዜ ካንሸራተታችሁ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ አያመልጣችሁም። ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ቀይ ፋኖስ፣ በጥቁር ድንጋይ ላይ የተደረደሩ ስድስት ጥቅልሎች፣ ከዚያ ጭስ። ጭሱ ከየት እንደሚወጣ የሚነግራችሁ የለም። ከጭሱ ኋላ አንድ ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ያኝክና «ጓደኞቼ፣ ይሄ ሌላ ዓለም ነው!» ይላል። ጨዋማ ይሁን ጣፋጭ፣ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አይናገርም። ታች ግን በደማቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ኤዥያን ፊውዥን»። የእስያን ማዕድ ከሌላ አገር ማዕድ ጋር ያዳቀለ ምግብ ማለት ነው።

እኔ የቦንጋ ልጅ ነኝ፤ ሥራ አዲስ አበባ አስቀረኝ። በቅርቡ የአክስቴ ልጅ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ እኔ ዘንድ መጣች። የመጣችው ለመዝናናት አይደለም። ቦንጋ ላይ መንገድ ዳር ያለችውን የቤተሰብ ቤት አድሳ ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ህዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ስብሰባ የሚመጣ አለ፣ ደኑን ሊያይ የሚመጣ አለ፣ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ ብሎ የሚመጣ አለ። ይሄ ሁሉ ሰው ይበላል። እሷም ስልኳ ላይ «ሴቭ» ያደረገችው ቪዲዮ ነበራት፤ ያ ጭሱ ያለበት።

«ይሄን ቤት በዓይኔ ሳላይ ሜኑዬን አልጽፍም» አለችኝ። ምክንያቷም ተራ ጉጉት ብቻ አልነበረም። በቪዲዮው ላይ «የከፋ ደን» የሚባል ምግብ አለ። በቡናና በማር የተቀባ ዶሮ፣ ከኮረሪማ ጋር። የእኛን አገር ስም ሰሃን ላይ አስቀምጦ የሚሸጥ ቤት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈለገች። የቤቱን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ ቤት አንድ ብቻ ስላልሆነ፣ ነገሩን ለአንድ በር ብቻ መስጠት አልፈልግም።

እራቱ እንዲህ ሆነ። ቦታ ይዘን ሄደን ከ40 ደቂቃ በላይ ቆመን ጠበቅን። የቆምንበት ቦታ ግን ታስቦበታል፤ ግድግዳው ላይ ክንፍ ተስሏል፣ ሰው እየተፈራረቀ ፎቶ ይነሳል። ከገባን በኋላ ሜኑ የሚባል ወረቀት የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልክ ታነሳላችሁ፤ ኔትወርክ ካለ ይከፈታል። ተከፈተ። አራት ምግብና ሁለት ጁስ አዘዝን።

መጀመሪያ የመጣው ዳምፕሊንግ ነው። ቀጭን ሊጥ ውስጥ ሥጋ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ጥሩ ነበር። ትኩስ ነው፣ ሊጡ በእጅ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ቦታቸውን ያውቃሉ። ይሄን የሠራው ሰው ሥራውን ይችላል። ቻይናዎች ለዘመናት የሠሩትን ነገር ማንም ሳይነካካው ስላቀረበው ነው መሰለኝ የጣፈጠው።

ቀጥሎ «ክትፎ ሮል» መጣ። ክትፎ በሱሺ ሩዝ ተጠቅልሎ፣ ከላይ በአዋዜ ጠብታ አጊጦ። ፎቶው ላይ ያምራል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቅቤው ሻማ ሆኗል። ነገሩ ግልጽ ነው። ክትፎ ነፍሱ ያለችው በሞቀ ንጥር ቅቤ ውስጥ ነው። ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ሱሺም ቢሆን በወጉ ሲሠራ ሩዙ ከፍሪጅ አይወጣም፤ በኮምጣጤ የታሸው ሩዝ ለብ ያለ፣ የሰው ገላ ሙቀት ያህል ሆኖ ነው የሚቀርበው። እዚህ ሁለቱም አንድ ላይ ፍሪጅ ውስጥ አድረው፣ ሩዙ ደርቆ፣ ቅቤው ረግቶ መጡ። ሁለት ጥሩ ነገሮች ተገናኝተው ሁለቱም ከሰሩ።

«ሽሮ ራመን» ደግሞ ሦስተኛው ነው። ራመን የጃፓን የኑድል ሾርባ ነው፤ ጥበቡ ኑድሉ ላይ ሳይሆን ለሰዓታት አጥንት ተቀቅሎ በሚወጣው መረቅ ላይ ነው። እዚህ መረቁን በሽሮ ተክተውታል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ሽሮ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደሚወፍር እናቶቻችን ያውቃሉ። ፎቶ አንስተን እስክንጨርስ ድረስ ኑድሉ ሲሚንቶ ውስጥ እንደገባ ብረት ቀጥ ብሎ ቆመ። ኑድሉ ራሱ ከሱቅ በፓኬት የምንገዛው፣ ተማሪ ዶርም ውስጥ በሦስት ደቂቃ የሚቀቅለው ዓይነት ነው። ዋጋው ግን 700 ብር።

በመጨረሻ «የከፋ ደን» መጣ። ጭሱ እሱ ላይ ነበር፤ በብርጭቆ ክዳን ታፍኖ መጥቶ አስተናጋጁ ሲከፍተው ይበተናል። ከየጠረጴዛው ስልክ ተነሳ። ጭሱ ሲበተን ሁለት የዶሮ ቁራጭ፣ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ተቀብቶ ቀረ። ጣዕሙ? ስኳር። ከስኳሩ ሥር ያረረ ቡና ምሬት። የአክስቴ ልጅ አንዴ ቀመሰች፣ ሁለተኛውን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው፣ አሸተተችና አስቀመጠችው።

«የኔ ወንድም፣ እዚህ ውስጥ ያለው ቅመም ምንድን ነው?» ብላ አስተናጋጁን ጠየቀችው።

«ኮረሪማ ነው። ከቦንጋ የሚመጣ፣ ኦርጋኒክ።»

«ከቦንጋ ከየትኛው ገበያ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «እሱን ሼፉን ጠይቄ ልምጣ።» ሄዶ ተመለሰ። «ሔል ነው አሉ። ያው ነው እኮ፣ አንድ ዓይነት ነው።»

ልጁ ላይ አልፈርድም። የተነገረውን ነው የነገረን። ግን ያው አይደለም። ሔል ከህንድ አካባቢ የመጣ፣ ትንሽና አረንጓዴ ቅርፊት ያለው ቅመም ነው። ኮረሪማ ደግሞ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን ተወላጅ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ እንኳ «ኮረሪማ» የሚለው የአገር ቤት ስም ተቀምጧል። ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው፣ ዘመዳሞች ናቸው። ዘመድ መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም። ሔል ሻይ ውስጥ ቀጥ ብሎ አፍንጫ ይመታል፤ ኮረሪማ ከንጥር ቅቤ ጋር ሲገናኝ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ቦንጋ ገበያ ውስጥ ተበስቶ በገመድ የተሰካውን ደረቅ ኮረሪማ ያሸተተ ልጅ ዓይኑን ቢሸፍኑትም ይለየዋል።

ሒሳቡ መጣ። ሜኑው ላይ ያየነው ተደምሮ 3400 ብር ነበር። ደረሰኙ ላይ ግን 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ 3740 ሆነ፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 561 ብር። በአጠቃላይ 4301 ብር። በሌላ አነጋገር፣ በዚህ አሠራር 1000 ብር ብላችሁ ያዘዛችሁት ምግብ ከኪሳችሁ 1265 ብር ይዞ ይወጣል። ሜኑው ግርጌ ላይ ሁለት የመደመር ምልክት ነበረች፤ ትርጉሟ ይኸው ነው። የአክስቴ ልጅ ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» አለች።

እዚህ ላይ «ድሮም የሰው ምግብ ምን ያደርግልናል» የሚል አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አልልም። መዳቀል ራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው እንዴት ይዳቀላል የሚለው ነው።

የፊውዥንን ታሪክ ብናይ ነገሩ ይገባናል። ኖቡ ማትሱሂሳ የሚባል ጃፓናዊ ሼፍ አለ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሙን የያዙ ምግብ ቤቶች አሉ። ጃፓን ውስጥ ሱሺ ተምሮ በወጣትነቱ ፔሩ ሄደ። ሊማ ከተማ ሲደርስ የለመደውን የጃፓን ግብዓት ሁሉ አላገኘም። እዚያ ያለውን ቃሪያ፣ ሎሚና ድንብላል ከሚያውቀው የዓሣ ጥበብ ጋር አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ የራሱን ቤት ሲከፍት ያን ነው ይዞ የመጣው። ችግር አስተምሮታል፣ ሁለቱንም ማዕድ ኖሮባቸዋል። ከእኛም ወገን ማርከስ ሳሙኤልሰን አለ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒውዮርክ ውስጥ «ሪንጎ» የሚል፣ የጃፓንንና የአሜሪካን ምግብ ያገናኘ ቤት ከፍቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች የደባለቁት መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ ሠርተው ከቻሉ በኋላ ነው። ክትፎን ያልቻለ ክትፎ ሮልን ከየት ያመጣዋል?

ደግሞስ ፊውዥን ለከፋ ሰው አዲስ ነው እንዴ? እስቲ ጨሞን አስቡ። በእኛ አካባቢ ከቡና ቅጠል የሚዘጋጅ ትኩስ መጠጥ ነው። ቅጠሉ ይዘጋጅና ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያ፣ እንደየቤቱም ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይፈላል። አንድ ስኒ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩ። የቡናው ቅጠል የከፋ ነው። ዝንጅብል የእስያ ተወላጅ ነው። ቃሪያ ከአሜሪካ አህጉር የተነሳ፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በነጋዴ መርከብ ዓለምን የዞረ ነው። ሦስት አህጉር በአንዲት ስኒ! ማንም ጭስ አልነፋበትም፣ ማንም «ኤዥያን ፊውዥን» አላለውም። አያቶቻችን ግን ቀምሰው፣ ትተው፣ ጨምረው፣ ልኩን አግኝተውታል። የአንድ ትውልድ ሥራ አይደለም።

እርዱም እንዲሁ ነው፣ ቁንዶ በርበሬውም እንዲሁ። ሁለቱም ከእስያ መጥተው ዛሬ በደቡብ ምዕራቡ ወይና ደጋና ቆላ ይበቅላሉ፤ ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ። ሳምቡሳችንም ቢሆን የእስያ ዘር አለበት። እኛ ተቀባይ ብቻም አይደለን። ቡና ከእነዚህ ደኖች ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ፤ የመን እስያ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የሆላንድ ነጋዴዎች ጃቫ ወስደው ተከሉት። ከፋና እስያ ከተዋወቁ ቆይተዋል። እና አንድ ቤት ሁለቱን «ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኘሁ» ሲለን ፈገግ ብንል አይፈረድብንም።

ታዲያ ኮረሪማው ሔል ቢሆን ምን ችግር አለው? ይሄን ያህል ማካበድ ለምን? የሚል ጓደኛ አለኝ። ችግሩ እንዲህ ነው። ኮረሪማ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። ጥምዝም እንደዚሁ ደን ውስጥ የሚያድግ ነው። የደን ማር የሚገኘውም ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ሲሰቀል ነው። የጫካ ቡናውም ሥሩ እዚያው ነው። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ገበያ ሲያገኙ ደኑን ቆሞ የሚጠብቅበት ምክንያት ያለው ገበሬ ይኖራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ምዝገባ ግን አያበላም፤ የሚያበላው ገበያ ነው። «የከፋ ደን» ተብሎ 1100 ብር የሚሸጠው ሳህን ውስጥ ከከፋ ደን የወጣ ነገር ከሌለ፣ ስሙ ብቻ ነው የተሸጠው። ስሙን ያቆዩት ሰዎች ከዚያ ሳህን አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። በላተኛውም ኮረሪማ ማለት ይሄ ጣፋጭ ነገር ነው ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለት ጊዜ ኪሳራ ማለት ይሄ ነው።

እና እናንተስ? አትሂዱ አልልም። ወጣትነት ነው፣ አዲስ ነገር ይሞከራል፣ ለምወደው ሰው ጥሩ ቦታ ላሳይ ይባላል። ብቻ ከመውጣታችሁ በፊት ትንሽ ነገር አጣሩ።

ቪዲዮውን ስታዩ ስለ ጣዕሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሯል ወይ ብላችሁ አድምጡ። «ቫይቡ»፣ «ፕሌቲንጉ»፣ «ሎኬሽኑ» ብቻ ከሆነ የምታዩት የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ነው። ሒሳቡን ማን ከፈለ የሚለውንም ጠይቁ። ተጋብዞ የበላ ሰው ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የጋበዘውን ሰው ምግብ የሚያማ ጉሮሮ ብዙ የለም። ከቪዲዮው ይልቅ ኮሜንቱን ወረድ ብላችሁ አንብቡ፤ ገንዘቡን ከፍሎ የተናደደ ሰው እዚያ ነው ያለው።

ዋጋውን በስልክ ጠይቁ። «ቫትና ሰርቪስ ጨምሮ ነው?» የሚለው አንዲት ጥያቄ የወሩን መጨረሻ ታድናለች። ጥሬ ዓሣ ካለበት ደግሞ አትፈሩ፣ ጠይቁ፦ ዓሣው ከየት ነው? በደንብ በርዶ ቆይቷል ወይ? የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ጥሬውን ሲበላ ጥገኛ ተውሳክ ሊያመጣ ይችላል። ጥሬ ለሚቀርብ ዓሣ ከተለመዱት ጥንቃቄዎች አንዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን ማቆየት ነው። ተራ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ማደሩ ይሄን አይተካም። በጥያቄው የሚናደድ ቤት ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ውጡ።

ጓደኛ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ፤ ከጣፈጠ ቀጥሉ። ከምርጫው ውስጥ ደግሞ ቤቱ ያልነካካውን ምረጡ። የእኛ እራት ላይ ያዳነን ዳምፕሊንጉ እንደነበር አስታውሱ።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ቆይታ ተመለሰች። ሜኑዋን የጻፈችው አውቶቡስ ላይ ነው፣ በስልኳ፤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንድ ገጽ አይሞላም። ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር። ጎደሬ በኮረሪማ ቅቤ። ዶሮ በጥምዝና በደን ማር፤ ይሄን እኔ ቤት ሁለት ማታ ሞክራዋለች፤ የመጀመሪያው ማሩ በዝቶ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ሎሚ ጨምራ አስተካከለችው። ጨሞ በስኒ። ቡና፣ በእኛው ቋንቋ «ቡኖ» ተብሎ የተጻፈ። መጨረሻ ላይ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ዳምፕሊንግ። «እሱን ከእነሱ ነው የወሰድኩት፤ የጣፈጠ ነገር አልተውም» ብላ ጽፋልኛለች። ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን ዋጋው አለ፤ ከግርጌው «ሁሉም ተጨምሮ» ይላል። ቅመሙ ከየትኛው ቀበሌ እንደተገዛም ይጽፋል።

ይሳካላት ይሆን? አብሮ የሚታይ ነው። ቦንጋ ላይ ዘይትም እንጨትም ተወዷል፤ ጥሩ ሐሳብ ብቻውን ቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ደግነቱ ቤቱ የቤተሰብ ነው። ግን ይሄን አውቃለሁ፦ አንድ እንግዳ የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙን አይቶ፣ ደን ውስጥ ውሎ፣ ርቦት ሲመጣ ጭስ አይጠይቅም። የሚፈልገው ትኩስ ምግብና እውነተኛ ስም ነው። ለዚህ ደግሞ ሁላችንም ድርሻ አለን። ቀጥሎ ሜኑ ላይ የአንድ አገር ስም ስታዩ፣ የቦንጋም ይሁን የጎንደር ወይም የቶኪዮ፣ አስተናጋጁን በትሕትና ጠይቁት፦ «ይሄ ከየት መጣ?» ጥያቄው በነጻ ነው። ቫትም የለበትም።